ቀዩ የቁልፍ ቀዳዳ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ የሙሽራ ፍራሽ አስቀድጃለሁ። ያውም ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያውም በማላውቀው ሰው ግቢ፣ ያውም ጥፍር ለማታክል ክር ብዬ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ጃንሆይ ከዙፋን ከመውረዳቸው ሦስት ወይም አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ኮልፌ፣ ከወታደር ካምፑ ፊት ለፊት፣ አቶ ተክሌ የሚባሉ ሰው ስፌት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አቶ ተክሌ ወጣትነታቸውን የጦር ሠራዊት ልብስ ሲሰፉ ያሳለፉ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሁለት የስፌት መኪና ይዘው እዚያው የሚያውቁት ወታደር ደጅ ላይ ተቀመጡ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ወታደሮች ስለሆኑ ሥራችን ሱሪ ማሳጠር፣ ማዕረግ መስፋት፣ ቁልፍ መትከል ነበር። የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መጥለፍ ደግሞ የእኔ ድርሻ።

ቀላል ሥራ ይመስላል። ለእኔ ግን የዓለም ትልቁ ሥራ ነበር። አንድ ሻምበል "ዘነበች የጠለፈችውን ቀዳዳ ወታደር ተኝቶም ይቆልፈዋል" ሲል ከሰማሁ ወዲህማ ልቤ አብጦ ነበር። የሌላ ሰፊ ሥራ ሳይ አፍንጫዬን እነፋለሁ።

አቶ ተክሌ ከመስፋቱ ይልቅ ስለ ስፌቱ ማውራት ይወዱ ነበር።

"ይሄ ትከሻ ላይ ያለው ምላስ ለምንድን ነው የተሰፋው?" ይሉኛል።

"ለማዕረግ ማስቀመጫ ነዋ።"

"አሁን ነዋ! መጀመሪያ የጥይት ቦርሳው ማንገቻ እንዳይንሸራተት መያዣ ነበር። ማዕረጉ ኋላ መጥቶ ነው የወጣበት።"

እኔ "እሺ ጋሼ" እያልኩ መርፌዬን እቀጥላለሁ። ምልክቱ ከየት መጣ፣ ምን ማለት ነው የሚለው ጉዳይ ምኔም አልነበረም። ስፌቱ ከተስተካከለ ሌላው ምን ያደርግልኛል?

አንድ ረቡዕ አቶ ተክሌ ጨርቅ ሊገዙ መርካቶ ወርደው ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት ሴት አሮጌ የወታደር ካፖርት አጥፋ ይዛ መጣች።

"የባለቤቴ ነው። ሃምሳ አለቃ ወልዴ ይባላል። ገበሩ ተቀዷልና ጠግኚልኝ። ለቅዳሜ ስለሚፈልገው ዓርብ ጠዋት ራሱ ይወስደዋል" አለችና ሄደች።

ገበሩን ጠገንኩ። ካፖርቱን አንጠልጥዬ ከፊት ለፊት ሳየው ግን ዐይኔ አንድ ነገር ላይ ተተከለ። ከላይ ሁለተኛው የቁልፍ ቀዳዳ፣ ልብ አጠገብ ያለው፣ የተጠለፈው በቀይ ክር ነው። ሌሎቹ ሁሉ በካኪ። ቀለሙስ ይሁን፣ አጠላለፉ! አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጋ ተከማችቶ ሌላው ጋ ሳስቶ። "ይሄን የሰፋው ሰክሮ ነው" አልኩ ለራሴ። ምላጭ አነሳሁና ፈታሁት። በካኪ ክር እንደ መስመር አስተካክዬ ጠለፍኩት። የቀዩን ክር ቁርጥራጭ እንደ ልማዴ በቢጫ ገበር ቅዳጅ ቋጠርኩና የጨርቅ ቅሪት የምናጠራቅምበት ጆንያ ውስጥ ወረወርኩት። ሰውዬው ሲመጡ የሚመርቁኝን ምርቃት ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ወልዴ መጡ። በሩን የሚሞሉ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው ናቸው። ካፖርቱን ተቀበሉና ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች በቁልፎቹ ላይ አሳለፉ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄን ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ!" አልኩ ደስ ብሎኝ። "በጣም አስቀያሚ ስለነበር አሳመርኩልዎት።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ያ ሁሉ ቁመት በአንድ ጊዜ ያጠረ መሰለኝ።

አቶ ተክሌ ከመኪናቸው ተነሱ። "ምን ሆነ ሃምሳ አለቃ?"

"ኮርያ ዘምቼ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አብሮን ጌታሁን የሚባል ልጅ ነበር። ሲዘምት እናቱ ከነጠላቸው ላይ ቀዩን ጥለት ቀድደው እጁ ላይ አሰሩለት። እዚያው ቀረ። ስድስት ጓደኞቹ የጥለቱን ክር ተካፍለን፣ ልባችን ላይ ያለውን ቀዳዳ ጠለፍንበት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ ካፖርታችንን ለብሰን ቀራንዮ እንገናኛለን። እናቱ እማማ አስካለ ዐይናቸው ደክሟል። በሰልፍ እንቆምላቸዋለን፤ ደረታችንን በጣታቸው እየዳሰሱ ያልፋሉ።" ቀና አሉ። "ቀኑ ነገ ነው። እኔ ጋ ሲደርሱ ምን ይዳስሱ?"

አቶ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ።

"ክሩስ?"

"ጆንያው ውስጥ..." ብዬ ዞር ስል ጆንያው ባዶ ነው። ለካ ሐሙስ ዕለት ፍራሽ ሠሪው ቅሪቱን ለፍራሽ መሙያ ለቅመው ሄደዋል።

"ቀይ ክር አለን እኮ" አልኩ። "ተመሳሳይ ነው። ዐይናቸው ከደከመ..."

ሃምሳ አለቃ አቋረጡኝ። "የኔ ልጅ፣ እሳቸው ባያውቁት እኔ አውቀዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠበቅኩም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሮጥኩ።

ፍራሽ ሠሪው አቶ ሸምሱ ኮልፌ ገበያ ጥግ ላይ ነው የሚሠሩት። እያለከለክሁ ስደርስ አንድ አዲስ ፍራሽ በዱላ እየደበደቡ ነበር።

"ጋሼ ሸምሱ፣ የትናንቱ ጆንያ የት አለ?"

"የትናንቱ? እሱማ አለቀ! ሁለት ፍራሽ ወጣው።"

"አንድ ቢጫ ቋጠሮ ነበረበት። የሞተ ሰው አደራ ነው!"

አቶ ሸምሱ ዱላውን ጣሉ። የነገሩን ዝርዝር እንኳ አልጠየቁኝም፤ "የሞተ ሰው" የሚለው ቃል በቃቸው። የሚደበድቡትን ፍራሽ ገልብጠው ጠርዙን በጩቤ ተረተሩት። ሁለታችን ተንበርክከን እፍኝ እፍኝ እያወጣን በተንን። ሰማያዊ አለ፣ ነጭ አለ፣ የካኪ ቁራጭ መዓት ነው። ቢጫ ግን የለም።

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛው..." አሉ ራሳቸውን እያከኩ። "ሁለተኛው ዛሬ ጠዋት ለሙሽራ ሄዷል። አስኮ። ከሳንሱሲ መታጠፊያ አለፍ ብሎ፣ ዳስ የተጣለበት ቤት ነው።"

መንገድ ላይ ስወጣ ሃምሳ አለቃ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲመጡ አገኘኋቸው። ለካ ተከትለውኝ ኖሯል። ጋሪ አስቆምን። ባለጋሪው ፈረሱን አንዴ ሲነካው አቧራው ከኋላችን ተነሳ፤ እኔ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ፈረሱን በዐይኔ እገፋዋለሁ።

ትንሽ እንደሄድን ጠየቅኋቸው። "ጌታሁን ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ከንፈራቸው ለፈገግታ ሊከፈት ሲል አየሁት። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። "ጀግና ነበር" አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

አስኮ ስንደርስ ዳሱን ለማግኘት አልተቸገርንም። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ዲንቂቱ ምን እንደፈለግን ስነግራቸው መጀመሪያ የሰሙትን ማመን አቃታቸው።

"ማል ጄቲ? ምን አለች ይቺ?" አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። "የልጄን ፍራሽ ልቅደድ ነው የምትይው? ሰርጓ ከነገ ወዲያ ነው እኮ! ውጪልኝ ከዚህ!"

"እማዬ፣ እኔው መልሼ እሰፋዋለሁ፣ አዲስ አድርጌ..."

"ውጪ አልኩሽ!"

ያን ጊዜ ሙሽራዋ ከጓዳ ወጣች። ጫልቱ ትባላለች። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለእናቲቱ ሳይሆን ለእሷ ነገሯት። አጭር አድርገው፣ ልክ ለእኛ እንደነገሩን። ጫልቱ ካፖርቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

"ወንድሜ ጅጅጋ ነው ያለው" አለች። "ወታደር ነው። እማ፣ ምላጭ ስጪኝ።"

"ልጄ..."

"ፍራሹ የኔ ነው አይደል? እኔው ራሴ እቀድደዋለሁ።"

ቀደደችው! ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ፀሐይ ላይ ሰሌን ተዘረጋ፤ የፍራሹ ሆድ ተገለበጠ። የቡቱቶ ተራራ ነው። ጸጉር የምትሠራው ሴትዮ ማበጠሪያዋን ጸጉሯ ላይ ሰክታ ገባችበት፤ ሽንኩርት የሚከትፉት እጃቸውን እየጠረጉ መጡ፤ ባለጋሪው ሳይቀር ፈረሱን አስሮ ቁጢጥ አለ። አንዷ "ቢጫ!" ትላለች፤ ልቤ ይዘላል፤ የሌላ ቀሚስ ቁራጭ ይሆናል። ሁለተኛዋ "አገኘሁ!" ትላለች፤ እሱም አይደለም። ክምሩ እያነሰ ሄደ። ወይዘሮ ዲንቂቱ እጃቸውን አጣምረው ከዳር ቆመው ነበር። ኋላ እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉና ከሰሌኑ ጫፍ አንድ ነገር አነሱ።

"ይቺ ትሆን?"

ቢጫ ቋጠሮ። በጥርሴ ፈታሁት። ውስጡ ቀያይ ክሮች፣ ከጥፍር የማይበልጡ፣ እንደተኛ ትል ተጠቅልለዋል። ሃምሳ አለቃ ሲያዩዋቸው ሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉ። ወይዘሮ ዲንቂቱ ራሳቸው እልልታውን አቀለጡት። ሰርጉ ያን ዕለት የሆነ ይመስል ግቢው በእልልታ ተናወጠ።

ፍራሹን መልሼ ሰፋሁ። የዚያን ያህል አሳምሬ የሰፋሁት ነገር የለም።

ኮልፌ ስንመለስ ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም። አቶ ተክሌ ክሮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደርድረው በመነጽራቸው አዩዋቸው።

"ያጥራሉ" አሉ። "መርፌ ውስጥ አይገቡም።"

አገጫቸውን አሻሹና እንዲህ አሉኝ። "የጠለፍሽውን ፍቺና ክሮቹን በቀዳዳው ከንፈር ዙሪያ አንድ በአንድ አስተኚ። በላያቸው ላይ በካኪ ጥለፊበት። ግን አራርቂው። ቀዩ በመሀል እንዲታይ።"

ያ ማለት አስቀያሚ አድርገሽ ጥለፊ ማለት ነው። ጠለፍኩ። አንዱን ክር በመርፌ ጫፍ አስተኝቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በላዩ አሳልፌ፤ ሌላውን ደግሞ። አቶ ተክሌ አጠገቤ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ማውራት ጀመሩ። ያን ቀን ግን ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማኋቸው።

"መኮንኖቹ ከትከሻ ወደ ወገብ የሚያጠልቁትን ቀበቶ ታውቂያለሽ? አንድ እጁን በጦርነት ያጣ የእንግሊዝ መኮንን ነው ያመጣው። በአንድ እጅ ሰይፍ መምዘዝ አቃተው፤ ሰይፉ እንዳይዋዥቅ ማንገቻ ጨመረበት። አሁን ሁለት እጅ ያለው ሁሉ ያደርገዋል። ካኪ ራሱ በህንዶች ቋንቋ አቧራ ማለት ነው፤ ነጭ ልብስ ለጥይት ስላጋለጣቸው በጭቃና በሻይ እየነከሩ ያቆሸሹት ወታደሮች ናቸው። የእኛዎቹ ጀግኖች ራሳቸው ላይ የሚያደርጉት የአንበሳ ጎፈርም ከአንድ አዳኝ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ምልክት ዘነቡ፣ ከአንድ ሰው ጣጣ ነው የተነሳው።"

ሃምሳ አለቃ ወልዴ ያኔ ድንገት ሳል ያዛቸው። ሳል መስሎኝ ነበር፤ የታፈነ ሳቅ እንደሆነ የገባኝ በነጋታው ነው።

በነጋታው ሳልጠራ ቀራንዮ ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ፣ ዛፍ ሥር፣ ስድስት ሰዎች በአሮጌ ካፖርት ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ በሬዲዮ ጠጋኝነት የሚተዳደር፣ አንዱ ዘበኛ፣ አንዱ ነጋዴ እንደሆኑ ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉም ወታደር ነበሩ። እማማ አስካለ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ሴት ናቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጣታቸው ቀዩን ይነካል፣ "ልጄ" ይላሉ፣ ያልፋሉ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሃምሳ አለቃ አምስተኛው ላይ ነበሩ። እኔ ዛፉን ተደግፌ ጣታቸውን በዐይኔ እከተላለሁ።

ጣታቸው የሃምሳ አለቃ ደረት ላይ ሲያርፍ ቆመ። ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ።

"ወልዴ። ይሄ ያንተ እጅ አይደለም።"

"እማማ፣ እሱ... ትንሽ ታድሶ..."

ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ወጥቼ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት እማማ። ሳልጠይቅ ፈታሁት።" ሁሉንም ነገርኳቸው። ምላጩን፣ ጆንያውን፣ አቶ ሸምሱን፣ ጋሪውን። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ የተበተነውን ሙሽራ፣ የተገለበጠውን ፍራሽ። እዚያ ላይ ስደርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ አፌን ያዝኩ።

እየሳቁ ነበር!

"ሳልድረው የቀረሁት ልጄ" አሉ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "የሙሽራ ፍራሽ ውስጥ ገባ በሉኛ!"

ስድስቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት እማማ አስካለ ሲስቁ ያዩት ያን ቀን ነው። እማማ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

"ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው እናንተ ስትመጡ። ጀግና ነበር ትሉኛላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። እኔ የላክሁት ቀልደኛ ልጅ ነበር። እሱን የት አደረሳችሁት?"

ሃምሳ አለቃ ወልዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እማማ፣ የደበቅንዎት ነገር አለ። ጥለቱን መጀመሪያ የፈታነው እኛ አይደለንም። ራሱ ነው።"

"ጌታሁን?"

"አዎ። ለሰልፍ ፍተሻ አንድ ቀን ሲቀረን የካፖርቱ ቀዳዳ ተተረተረ። የካኪ ክር አጣ። የእርስዎን ጥለት መዘዘና በቀዩ ጠለፈው፤ ያውም እንደዚያ አጣሞ። መቶ አለቃችን ሲያየው ዐይኑን ማመን አቃተው። 'ይሄ ደግሞ የየትኛው ጦር ምልክት ነው?' አለ። ጌታሁን ቀጥ ብሎ ቆመና 'የአስካለ ጦር ነው ጌታዬ!' አለው።"

ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ፈነዳ። ሳቁ ወደ ሌላው ተላለፈ። ሃምሳ አለቃም እየሳቁ፣ እያለቀሱም ጭምር ቀጠሉ። "ሦስት ቀን ድንች አስላጡት። እኛ በሳቅ ሞትን። ሲሞት የቀረው ክር ኪሱ ውስጥ ነበር። ስድስታችንም የእሱን ጥፋት አጠፋን፣ እንደ እሱ አጣመን ጠለፍን፣ ቆምን። መቶ አለቃው ከዳር እስከ ዳር አየን። አልተቆጣም። ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠንና አለፈ። ስጦታዎን ተረተረው ብንልዎት የሚያዝኑ መስሎን ነው ያልነገርንዎት።"

"የአስካለ ጦር" አሉ እማማ ለራሳቸው። ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። "መርፌ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እጁ ግን ከድሮም አልታዘዝ ይለው ነበር!"

ከዚያ ያቺ ትንሽ ሴት ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ወደ ሰልፉ መጀመሪያ ተመለሱና እንደገና ጀመሩ። አሁን ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ ሲነኩ "ይሄ ጠማማ ነው፤ ይሄም ጠማማ ነው" እያሉ ይስቃሉ፤ ሰዎቹም ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ። ሲጨርሱ እጄን ያዙና "ነይ፣ አብረሽን ትበያለሽ" አሉኝ። ቤታቸው እስኪመሽ ተቀመጥን። ስለ ጌታሁን ሞት ማንም አላነሳም። ጫማውን አሟሙቃለሁ ብሎ ሲያቃጥል፣ በማያውቀው ቋንቋ ከኮርያ አሮጊት ጋር ሲከራከር፣ የማይችለውን ዘፈን ሲዘፍን፣ ያን ብቻ ነበር የሚያወሩት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን በፊት እጅ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ጆሮ አበጀሁ። አቶ ተክሌ የሚያውቁትን ሁሉ እየጠየቅሁ ደብተር ሞላሁ፤ ኋላም ስፌት ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። እስከ ዛሬ ስንት ዓይነት የደንብ ልብስ፣ ስንት ዓይነት ማዕረግ በእጄ አለፈ። መንግሥት ሲለወጥ ምልክቱም ይለወጣል፤ ዘውዱ ይነሳል፣ ሌላ ይተካል። እሱን መጽሐፍ ይነግራችኋል። መጽሐፍ የማይነግራችሁን ግን የለበሰውን ሰው ካልጠየቃችሁ ከየት ታገኙታላችሁ? ቤታችሁ ውስጥ የተሰቀለ አሮጌ ልብስ ካለ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቁት። አስቀያሚ የሆነበትን ቦታ ለይታችሁ ጠይቁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወታደር ሸሚዙን ይዞ መጣ። ከቁልፎቹ አንዱ ነጭ የሕፃን ልብስ ቁልፍ ነው።

"ልቀይርልህ?" አልኩት።

"አይ፣ እሱን ተዪው እማማ" አለና ፊቱ ቀላ።

ወንበር ሳብኩለት።